ሰዓት ሠሪው የፈታው መነጽር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እሱ ሰዓት ሠሪ። ሱቃችን በፊት አንድ ክፍል ነበር፤ አከራያችን መሐሉን በስስ ጣውላ ከፍሎ ለሁለት አከራየን። እሱ ባስነጠሰ ቁጥር "ይማርህ" የምለው እኔ ነኝ። የኔ የስፌት መኪና ስትንጫጫ ደግሞ "ዘይት አጠጣት እንጂ፣ የሰው ነፍስ እኮ ናት" እያለ ከወዲያ ይቆጣኛል። እንዲህ እየተባባልን አረጀን።

የሰፈሩ ሰው "ደቂቃ" ይለዋል፤ ትንንሾቹ "ጋሽ ደቂቃ"። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሰዓቴ መቼ ይደርሳል ስትሉት "አንዲት ደቂቃ ብቻ" ይልና ሳምንት ያመላልሳችኋል። ግን ከእጁ የወጣ ሰዓት ወጣ ነው፤ በዚያው ብልሽት ተመልሶ አይመጣም። ከበሩ ትይዩ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰቅሎ ነበር፤ ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሲሞቱ የተውለት ነው። መንገደኛው ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ ሰገግ አድርጎ ሰዓት አይቶ ያልፋል። ሥራ ያረፈደው ይሮጣል፣ ያላረፈደው ቆሞ ያወራል።

የዚህን ሰው አንድ ልማድ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ልጆቼ፤ መዘዙ ሁሉ ከዚያ ስለመጣ። ያልከፈተውን ነገር አያምንም ነበር። የበር ቁልፍ ይገዛል፣ ከመግጠሙ በፊት ይፈታዋል። ሬዲዮ ይሰጡታል፣ ዜናውን ሳይሰማ ሆዱን ያያል። ልጁ ፀጉር መተኮሻ ገዝታ ብትመጣ ለአንድ ቀን እንኳን ሳትደሰትበት በትኖ ጠበቃት። "የሰው አፍ ይዋሻል፣ ሽፋንም ይዋሻል፤ ውስጥ ግን አይዋሽም" ይላል። ያልከፈተውን አለማመኑ ደግ ነበር። ክፉው ነገር የከፈተውን ማመኑ ነው።

ዓይኑን የያዘው ያ ድምፅ የሌለው በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ግላኮማ የሚሉት። አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም። እንደተተረተረ ጨርቅ ከዳር ከዳሩ እየተበላ ይመጣል። መሐሉ ደህና ስለሆነ ሰውየው የሚያይ ይመስለዋል፤ በተለይ እንደ ወዳጄ ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር አንዲት ነጥብ ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ሰው ዳር ምን ያደርግለታል? ሐኪሟ ግን ደህና አድርጋ ነግራዋለች። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታው እናቆየዋለን፣ አንድ ቀን እንዳታቋርጥ ብላዋለች። ስለዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤት የምትሠራው ልጁ ጧት ጧት ወደ ሥራ ስትሄድ በሱቁ በኩል ታልፋለች። አንገቱን ወንበሩ ላይ ታጋድመውና ጠብ ታደርግለታለች።

"አባዬ፣ አትጨፍን።"

"እኔ አልጨፈንኩም፤ ዓይኔ አንቺን አፍሮ ነው።"

ከጣውላው ወዲህ ሆኜ ይህን ሳልሰማ መርፌዬን አላነሣም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሰዓት ሊያሠራ መጣ። ጫማው አቧራ የነካው አይመስልም። ሲገባ ጎንበስ፣ ሲወጣ ጎንበስ፤ እኔንም እሱንም "አባባ" እያለ ካፉ ማር ይንጠባጠባል። ሰዓቱ ያን ያህል የተበላሸ አልነበረም። ሰውየው ግን እስኪያልቅ እጠብቃለሁ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ወዳጄ ሰዓቱን ሲፈታ፣ በወረንጦ አንድ አንዱን ሲያነሣ፣ ሲያሞግስና ሲረግም እያየ ቆየ። "ይህንን የሠራ እጅ ይባረክ"፣ "ይህንን የጠገነው ደግሞ እጁን አልጋ ላይ ረስቶት የመጣ ነው"፣ እንዲህ ነው የወዳጄ አሠራር። ጠረጴዛው ላይ የቆመችውን የጠብታ ብልቃጥም ሰውየው አይቷታል። ምንም ሳይጠይቅ ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ። ለካስ ሰዓት ሊያሠራ አልነበረም የመጣው፤ ወዳጄን ሊለካ ነው። እኔ ሰውን በሜትር ነው የምለካው። እሱ በዓይኑ ለክቶ ጨርሶ ሄዷል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሳጥን ይዞ ተመለሰ። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ዋናተኛ መነጽር ያለ፣ ዓይን ላይ የሚታሰር ነገር አለ። ሲያበሩት እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ የዓይንን ቆብ ቀስ እያደረገ ያሻል። የዓይን በሽታን ከሥሩ ይነቅላል አለ። ድርጅታችን ከባሕር ማዶ ያስመጣው ነው፣ ስንቱ ዓይነ ስውር መንገድ አቋርጦበታል፣ ምኑ ቅጡ። ወዳጄ ሳቀበትና እኔ ለወሬ የሚሆን ዓይን የለኝም አለው። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም ነበር።

ሰውየው አልተከፋም። አልማለም፣ አልተገዘተም። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ከፊቱ ካቻቢቴውን አንሥቶ አቀበለው።

"አባባ፣ አይመኑኝ" አለው። "እርስዎ ይፍቱት። ውስጡ ውሸት ካገኙበት እዚሁ ጥዬልዎት እሄዳለሁ።"

እስቲ ፍረዱ። ሌባ ቤታችሁ ሲመጣ ቁልፉን ሰብሮ ነው ብላችሁ ትጠብቃላችሁ እንጂ፣ ቁልፉን በእጃችሁ አስይዞ ራሳችሁ ትከፍቱልኛላችሁ ብሎ ይመጣል ትላላችሁ?

የወዳጄን ዝምታ አውቀዋለሁ። የከፋ ነገር ሲያገኝ ያጉተመትማል፤ የሚያምር ነገር ሲያገኝ ትንፋሹ ይጠፋል። ያን ቀን ትንፋሹ ጠፋ። ቆይቶ "ናማ እስቲ፣ ይህን እይ" ብሎ ጠራኝ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ጥርሶቹ፣ ማለቴ የሚዞሩት መዘውሮች፣ የሰናፍጭ ፍሬ ያህላሉ፣ አንዱ ላንዱ እጁን እንደሰጠ ተያይዘዋል። ሽቦው በሥርዓት ታስሯል። ብሎኖቹ ሁሉ ራሳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ተጠብቀዋል።

"ይህን የሠራ ሰው ሌባ አይደለም" አለኝ።

አልተሳሳተም እኮ! የሠራው ሰው ሌባ አልነበረም። ኋላ እንደተረዳነው ዕቃው የደከመ ዓይን ለማሳረፍ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሩቅ አገር ያለ አንድ ሠራተኛ እጁን ሳይሰስት ሠርቶታል። ውሸቱ መነጽሩ ውስጥ አልነበረም። በተሸከመው ሰው አፍ ውስጥ ነበር፤ አፍን ደግሞ በካቻቢቴ አይፈቱትም።

እኔ ሰውየው ፊት ነው የተናገርኩት። "ወዳጄ፣ እኔም ኮት ስገዛ ገበሩን ገልብጬ ነው የማየው። ግን የቱንም ያህል ጥሩ ቢሰፋ፣ ኮት ወባ አያድንም።"

"አንተ ስለ ክር አውራ" አለኝ፤ ዓይኑን ከጥርሶቹ ላይ አላነሣም። ሰውየው ፈገግ አለ። እኔም የማደርሰው ልብስ ነበረኝና ተነሥቼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ወዳጄ ቆይቶ፣ ሁሉም ካለፈ ወዲያ ነው የነገረኝ። ሰውየው በለሆሳስ ነው ያወራው። ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ እኔም ልሰጥዎት ብል ድርጅቱ አይፈቅድልኝም አለው። ቢሯችን እየተዛወረ ነው፣ ስልኬን ይያዙ አለው። ጠብታው ዓይንን ያሰንፋል፣ መነጽሩ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ ስለዚህ ያቁሙት አለው። ለሐኪሟ አይንገሯት፤ ሐኪም የሚኖረው በበሽታዎ ነው፣ እስኪድኑ ዝም ይበሉና ድነው ያሳፍሯት አለው። ዛሬ ብቻ፣ አድራሻ የለም፣ መድኃኒትህን ጣል፣ ለማንም አትንገር። ልጆቼ፣ ከነዚህ አንዷን እንኳ የሚናገር ሰው ሲመጣባችሁ ካቻቢቴም አታንሡ። በሩን አሳዩት።

ዋጋውን አልነግራችሁም። ወዳጄ በእጁ አልነበረውም። ሰውየው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና "ለዚህ እኛ አንጣላም፣ አባባ" አለው። ልብሱን አድርሼ ስመለስ የግድግዳው ሰዓት የለም። ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ለኔም ለልጁም የሰዓቱ ሣጥን ተሰንጥቆ አናጢ ዘንድ ላክሁት አለን። ልጁ አመነችው። አባቷ ነው፣ ምን ታድርግ። ደግሞ በዚያው ሳምንት "ጠብታውን ከእንግዲህ ራሴ አደርገዋለሁ፤ እንደ ሕፃን አንገቴን እያጋደምሽ በደንበኛ ፊት አታዋርጂኝ" አላት። ጠብታ እየገዛች ማምጣቷን ግን አልተወችም።

መነጽሩን ጧት ማታ ያስረዋል። ሙቀቱ ደስ ይለዋል፣ ዓይኑ የቀለለው ይመስለዋል። እንዴት አይመስለው? ቀኑን ሙሉ ሲያፈጥ የዋለ ዓይን ሞቅ ያለ ነገር ሲነካው ማን ይጠላል። እኔ ስጠይቀው "መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር አስገባልሃለሁ፣ ና እንወራረድ" ይለኛል። ያስገባም ነበር። መሐሉ ገና ነዋ።

ያ ጎልማሳ ታዲያ ከወዳጄ ቤት የወሰደው የግድግዳውን ሰዓት ብቻ አልነበረም። ቤት ለቤት እየዞረ ዕቃውን ሲያሳይ፣ ሰው ሲጠራጠር፣ "እኔን አትመኑኝ፤ ሂዱና ሰዓት ሠሪውን ጠይቁት" ይላል። በዚህ ሰፈር ያንን ሰው የሚጠራጠር የለም። የመጣው ሁሉ ይጠይቀዋል። እሱም አይዋሽም፤ ያየውን ይናገራል። አንዲት ሳንቲም ተቀብሎ አይደለም። መጠየቁ ደስ ብሎት ነው።

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ የምትሸጥ ሴት አለች። ባሏ ዘበኛ ነው፤ ያው በሽታ ይዞት ከወዳጄ ጋር አንድ ሐኪም ቤት ነው የሚመላለሱት። አንድ ቀን መሶቧን በራፉ ላይ አስቀምጣ ገባች።

"ጋሽ ደቂቃ፣ እኔ ማንበብም አልችል፣ እርስዎን ነው የማምነው። ልግዛለት?"

"ከፍቼ አይቼዋለሁ" አላት። "ውስጡ ውሸት የለውም።"

እኔ ከወዲህ ሆኜ፣ እህቴ መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቂ ብዬ ጮህኩ። እሷም "ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ መነጽር በሱሪ ላይ የሚሰፋ ይመስልዎታል" ብላ ስቃ ወጣች። ወዳጄም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥሩ ቀልድ ነበር።

ከዚያ ወዳጄ በሩን መግጨት ጀመረ። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ግንባሩን። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈስሰዋል። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን "ዛሬ ዳመን ብሏል" ይላል። በጎኑ ቆሞ የሚያናግረውን ደንበኛ ፈልጎ ፊቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። አንድ ቀን ልጁ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየዳበሰ አገኘችው። የወደቀበትን የሰዓት ጥርስ እየፈለገ ነበር። ጥርሷ እጁ አጠገብ ተቀምጣለች። ልጅቱ አንሥታ መዳፉ ላይ አኖረችለትና ጃኬቱን አልብሳ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ መርምራ ስትጨርስ ጠብታውን መቼ አቆምክ ብላ ጠየቀችው። እሱ ዝም አለ። ልጁ "አላቆመም፣ እኔ ነኝ የምገዛለት" አለች። ሐኪሟ እንደገና አባትየውን ጠየቀችው፤ እንደገና ዝም አለ። ያኔ ልጅቱ ገባት። ሲመለሱ የሱቁን መሳቢያ ጎትታ ከፈተች። ከአሮጌ የሰዓት መስተዋቶች ሥር ብልቃጦቹ ተደርድረዋል፤ ማሸጊያቸው እንኳ አልተነካም። አንድ አንዱን እያወጣች ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው። ምነው ጮሃ በሆነ፤ አልጮኸችም። አባትየው የብልቃጦቹን ድምፅ ይሰማል፤ አንዷ ጠረጴዛውን በነካች ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። የሄደው ሄዷል ብላዋለች ሐኪሟ። የቀረው ቀንና ሌሊትን መለየት ነው።

የሻጩን ስልክ ደወልን፤ አይሠራም። ፖሊስ ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ፖሊሱ ደግ ልጅ ነበር፣ ወንበር ሰጠው። ከዚያ የሸጠልህ ሰው ስሙ ማን ነው ብሎ ጠየቀው። ወዳጄ ያን ሁሉ ጊዜ "ልጄ" ነበር የሚለው። ሌላ ስም አያውቅለትም።

በማግስቱ እኔና ልጁ፣ የገዙትን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርን ልናስጠነቅቅ ተስማማን። እሱም እኔንም ውሰዱኝ፣ እኔው ልንገራቸው አለ። እሱን ደግፈን ከሱቁ ሳንወጣ ዳቦ ሻጯ ገባች። መነጽሩን በፌስታል ይዛለች።

"ጋሽ ደቂቃ፣ ይቺ ነገር ድምጿ ጠፋ" አለች። "ባሌ ደግሞ ዓይኔ ደከመ ደከመ ይላል። እሷ ከቆመችበት ቀን ወዲህ መሰለኝ። እስቲ አንዲት ደቂቃ ብቻ ይዩልኝ።"

እጁን ዘረጋ። እሷ ወደቆመችበት አልነበረም የዘረጋው። ሴትየዋ እጁን አየች፣ ቀጥላ ፊቱን አየች፤ ከዚያ ወደኔና ወደ ልጅቱ ዞረች።

"ተቀመጪ፣ እህቴ" አላት ወዳጄ፤ እሱም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ባልሽ ጠብታውን ትቷል?"

"ያ ሰውዬ ተው ስላለው።"

"ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ዳቦሽን ጣይና ውሰጂው። ይህ ነገር አያድንም። እኔን አጥፍቶኛል።"

ሴትየዋ ቁጭ አለች። ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የዳቦ ዋጋ እንደምትናገር አድርጋ ነው የተናገረችው።

"ከፍቼ አይቼዋለሁ ብለውኝ ነበር።"

"አይቼው ነበር። እንዴት እንደሚዞር አየሁ። ምን እንደሚያድን አላየሁም።"

እሷም መነጽሩን ከፌስታሉ አወጣችና ጭኑ ላይ አኖረችለት። "እንግዲያው ይጠግኑልኝ" አለች። "በእጅ ዳበሳም ቢሆን ይችላሉ፤ እርስዎን አውቃለሁ። ለሌላ እሸጠዋለሁ። እኔ ያወጣሁትን ከየት ላምጣ? ባሌን በምኔ ላሳክም?"

ልጁ ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጁ ምልክት ሰጣት። ካቻቢቴውን ጠየቀኝ፤ አቀበልኩት። እጆቹ ዕቃውን ያውቁት ነበር። ክዳኑን ፈታ፣ ሽቦውን በጣቱ ጫፍ ተከተለና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ብልሽቱን አገኘው። ትንሽ ነገር ናት፤ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ብቻ ነው። ሴትየዋ ፊቷ ፈካ ሲል አይቻለሁ። እሱ ግን መፍታቱን ቀጠለ። አንዱን ጥርስ አወጣ፣ ሌላውን አወጣ፣ ብሎኑን ሁሉ ነቀለ፤ ሲጨርስ በሁለት እጁ አፍሶ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ የስንቱ አሮጌ ሰዓት ስብርባሪ መሐል ጨመረውና አወዛወዘው።

"ምን አደረጉኝ?" አለች።

"ሌላ ሰው እንዳይገዛው ነው፣ እህቴ።"

ተነሣች። መሶቧን አነሣች። "ለኔ ሲሸጥ አፍዎን አበደሩለት" አለችው። "እኔ ልሽጥ ስል ነው እጅዎ ጻድቅ የሆነው። ሌባ።"

በዚያ ሱቅ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ያን ቃል ማንም ብሎት አያውቅም። ያን ሌላውን፣ ጫማው አቧራ የማይነካውን ሰው ማንም ፊት ለፊት አግኝቶ አላለውም። ልጁ ከጠረጴዛው ላይ የጠብታ ብልቃጥ አፍሳ ተከትላት ወጣች። ሴትየዋ እየተሳደበች፣ ልጅቱ ከኋላዋ እየተለማመጠች፣ ዘበኛው ቤት ድረስ ሄዱ። የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት አደረሱት።

ቀሪዎቹን ዞረን ነገርናቸው። አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋብን፣ አንዱማ መነጽሩ ስለተስማማኝ ቀናችሁብኝ አለን። ወሬውም ከኛ ቀድሞ ዞረ። ሰዓት ሠሪው ከሻጩ ጋር ይካፈል ነበር ተባለ። ዓይኑ የጠፋው በግፉ ነው ተባለ። አንድ ቀን ልቤ ሲነድ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሃል ይሄ ነው" አልኩት።

"ዳዋውም እኮ አይጧን ደብቋታል" አለኝ።

አሁን የሱ ክፍል ለሌላ ተከራይቷል፤ ስልክ የሚጠግን ነው፣ ወዳጄ ያንኑ በርጩማ ይዞ ወደኔ ወገን ተዛውሯል። የልብስ ቁልፍ ይተክልልኛል። በእጁ እየለካ ይተክላል፣ አያዛባም። ሐኪሟ የዘበኛውን አንድ ዓይን ከነጭላንጭሉ አትርፋለታለች፤ የወዳጄ ልጅ ናት መጥታ የነገረችን። ወዳጄም የያዘውን ቁልፍ ጭኑ ላይ አኑሮ "የትኛውን ዓይኑን?" ብሎ ጠየቃት። ቀኙን አለችው። ራሱን ነቀነቀና ክሩን ፈለገ።

ዳቦ ሻጯ ጧት ጧት መሶቧን ይዛ በበራችን ታልፋለች። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ተረከዙ ስለላላ ከሩቅ ይሰማል። ወዳጄ ሲሰማው ሥራውን አስቀምጦ ከበርጩማው ይነሣል፤ ኮቱን ይቆልፋል፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። ድምፁ ይቀርባል፣ በራችን ላይ ይደርሳል፣ ያልፋል። እሱ ዳቦ ሻጯ ማዶ ተሻግራ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ይቆያል። ከዚያ ይቀመጥና ቁልፉን በጣቱ ይፈልጋል።